ዘጠኝ ቁጥር፣ ያልታጠበ

ሰውየው ወድቆ የተገኘው ቅጠል በሚደርቅበት የላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠሩ ገመዶች ላይ ቡናማ የወረቀት ከረጢቶች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ተሰቅለዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም አብረው ይንሾካሾካሉ። ከሥራቸው፣ በብረቱ ማድረቂያ ምድጃ ማዕዘን ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ደም ደርቋል።

ኢንስፔክተሩ ደፉ ላይ ቆሞ ቶሎ አልገባም። በጣቢያው «ቆይ» ነው የሚሉት። ሌባ እያባረረ እንኳ «ቁም!» በማለት ፈንታ «ቆይ እስቲ» ይላል ብለው ያሙታል።

«ነፍሱ አለች» አለች ሳጅኗ ከኋላው። የአምስት ልጆች እናት ናት፤ የማይመልስላትን ሰው የምታናግርበት ትዕግሥት አላት። «ከሆስፒታል ደውለዋል። ራሱን አያውቅም እንጂ ይተነፍሳል።»

«አምቡላንስ ማን ጠራ?»

«እሱ ነው እንቆቅልሹ። የተደወለው ከዚህ ከኮሪደሩ ስልክ ነው። ድምፁ በጨርቅ የታፈነ ነበር አሉ፤ የወንድ ይሁን የሴት አልለዩትም። ‹ቅጠል ክፍል ሰው ወድቋል፣ አንገቱን እንዳታንቀሳቅሱ› ብሎ ዘጋ።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። ወለሉ ላይ ደም የነካው ነጭ ፎጣ ነበር። አራት ላይ ታጥፏል፤ ጠርዙ ከጠርዙ በትክክል ተገጣጥሟል።

«ይህን ያነጠፉት የአምቡላንስ ሰዎች ናቸው?»

«ሲመጡ ከራሱ ሥር አገኙት እንጂ እነሱስ አላነጠፉም።»

«የመታ ሰው ትራስ ያነጥፋል?»

«ለምን አያነጥፍም? ታላቅ ወንድሜ ልጅ ሳለን መትቶ ያስለቀሰኝን ያህል እንባዬን የጠረገልኝ ሰው የለም።»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በጠረጴዛው ላይ ትፈልገው ነበር። ሳጅኗ በጣቷ ጠቆመቻት።

«አመሰግናለሁ። ዛሬ ልቤ የለም» አለች ዶክተሯ። «ቅጠሌ ነው የምንለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል የለቀመልን ሰው ነው። እሱን ማን ይመታዋል?»

«ቅጠሉ ለምንድን ነው?»

«ከማዳበሪያ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን ነጭ ጉብታ ታውቁታላችሁ?»

«ልጆቼ ‹የስኳር ተራራ› ነው የሚሉት» አለች ሳጅኗ።

«ስኳሩ ጨረር አለው። የፋብሪካው ዝቃጭ ነው። ጨረሩ በዓይን አይታይ፣ አይሸት፣ አይቀመስ። አቧራውን ነፋስ ያነሣዋል፤ ዝናብ ደግሞ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። በየሜዳው መሣሪያ የምንተክልበት አቅም የለንም። ስለዚህ እዚያው የበቀለውን እንጠይቃለን።»

«ማንን?»

«ሳማን። ማንም አይዘራው፣ ማንም አይሰርቀው፣ ከብት አይበላው። በቆመበት ቆሞ ያገኘውን ሁሉ ያስቀምጥልናል።»

አሥራ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ከረጢት። አንዱ ላይ በእርሳስ «የታጠበ»፣ ሌላው ላይ «ያልታጠበ» ተብሎ ተጽፏል። ያልታጠበው ቅጠል ነፋስ ያመጣውን ይናገራል። የታጠበው ሥሩ የጠጣውን ይናገራል። የታጠበው ቅጠል ውስጥ ጨረር ከተገኘ፣ ነገሩ ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

«የጠፋ አለ?»

«የለም። ሃያ አራቱም አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«ከሁሉም የሚያሰጋችሁ የትኛው ነው?»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «ዘጠኝ ቁጥር። ምንጩ አጠገብ ነው። አርባ አባወራ ይጠጣዋል። ባለፈው ወቅት ከልኩ አልፎ ነበር። ዘንድሮ ከደገመ ምንጩ ይታሸጋል፣ ሰዎቹም ከዚያ ይነሣሉ። ውጤቱን ሰኞ እናስረክባለን።»

«ካልደገመስ?»

«መጠጣታቸውን ይቀጥላሉ።»

ኢንስፔክተሩ ይህን ማስታወሻው ላይ አልጻፈውም። የማይረሳውን አይጽፍም።

«ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሁላችንም አዳራሽ ስብሰባ ላይ ነበርን» አለች ዶክተሯ። «ቅጠሌ ስብሰባ አይገባም፤ ‹ሳማ ይሻለኛል› ይላል። ሾፌሩ ጋራዥ ነበር። አጣቢያችን ሥራ ይዛ ማጠቢያ ክፍል ቀርታለች። እሷን ግን ተዉአት። አዳራሹና ማጠቢያው ግድግዳ ይጋራሉ። ቧንቧው ስብሰባው እስኪያልቅ ሲንፏፏ ሰምተናል፤ እኔ እንዲያውም እየጮህኩ ነው የተናገርኩት።»

አጣቢዋ ሃምሳን የተሻገረች ቀጭን ሴት ናት። እስከ ክርኗ የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቃ ወለል ትወለውል ነበር። ሁለቱን ፖሊሶች ስታይ ቀና ብላ፣ ሰላም ሳትል፣ «ይተርፋል?» አለች።

«ሐኪሞቹ ገና ነው ይላሉ። ምን ሰማሽ፣ እህቴ?»

«ውሃ ላይ የቆመ ሰው ምን ይሰማል፣ ጌታዬ?»

በመስኮቱ ሥር ሦስት ነጭ ሳፋ ተደርድሯል። ሳጅኗ ጣቷን ልትነክር ስትል ሴትዮዋ በጓንቷ ገታቻት።

«ተዪው፣ የተለካ ውሃ ነው። ቅጠል በቧንቧ አይታጠብም፤ ቧንቧ ይገርፈዋል። እዚህ ነክሬ ሠላሳ እቆጥራለሁ፣ እዚህ ሠላሳ፣ እዚህ ሠላሳ። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ነው።»

«እጅሽ ግን ታድሏል፤ ሳማ ይዘሽ አንድም ቦታ አላበጠም» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ጓንት ነዋ። በባዶ እጁ የሚነካው ቅጠሌ ብቻ ነው። የሱ እጅ ቆዳ መሆኑን ትቷል።» ፈገግ ልትል ጀምራ ተወችው፤ ወደ መወልወያዋም ተመለሰች።

የፋብሪካውን የጥበቃ ኃላፊ ሰዉ ሁሉ «ሻለቃ» ይለዋል፤ ሻለቃ ግን ሆኖ አያውቅም። ትናንት በአጥሩ በኩል ቅጠሌ ላይ ሲጮህ ሰው ሰምቶታል።

«‹እግርህን እሰብረዋለሁ› ብለኸዋል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«በየሳምንቱ እለዋለሁ! ሥራዬ ነው። አጥሬ ሥር የበቀለውን ሣር እየቆረጠ ፋብሪካዬን ሲከስብኝ ምን ልበለው፣ ‹እጅህ ይባረክ›?»

«ምን መለሰልህ?»

«‹እኔን ከሰበርከኝ ዳቦህን ማን ያካፍልሃል› አለኝ።» ሻለቃው ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን አየ። «ከኔ ጋር ሆኖ ነው ምሳውን የሚበላው። እሱ ከአጥሩ ውጭ፣ እኔ ከአጥሩ ውስጥ። ትናንት ነፋስ ነበር፤ ነጩ አቧራ ተነሥቶ ወፍጮ ቤት የገባን መስለን ነበር። ስምንት ቁጥርን፣ ዘጠኝ ቁጥርን፣ አሥር ቁጥርን ቆርጦ ሲመለስ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ‹ሻለቃ፣ ዛሬስ አረጀሁልህ› አለኝ።»

«ዛሬ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት የት ነበርክ?»

«እዚሁ በር ላይ። መቶ ሠራተኛ ፈትሼ አስገብቻለሁ። ግማሹ ይጠላኛል፤ ስለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።»

መቶውም ባይሆኑ ስድስቱ ተጠየቁ። እየተነጫነጩ አዎ አሉ።

የላቦራቶሪው ሾፌር ጋራዥ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከቷል።

«እጅህን እስቲ» አለች ሳጅኗ።

«ምን አለው እጄ?»

«ልጆቼ እጃቸውን የሚደብቁኝ ጭቃ ሲኖረው ነው። አውጣው።»

አወጣው። አንጓው ድረስ ቀልቶ፣ አተር አተር የሚያህል እብጠት ወርሶታል። ሳጅኗና ኢንስፔክተሩ ተያዩ።

«ሳማ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቅጠል ክፍል ገብተህ ነበር?»

«ኧረ በልጄ! ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከግድቡ በላይ ካለው ዳገት ቆርጬ ነው። አጣቢያችን ለምናኝ። እናቷ ቁርጥማት አለባቸው፤ ጉልበታቸውን በሳማ ሲገርፉት ይሻላቸዋል አለች። የደበቅሁት በመሥሪያ ቤት መኪና ስለሄድኩ ነው። ዶክተሯ ብትሰማ ቁልፉን ትቀማኛለች።»

«ብዙ ቆረጥክ?»

«አንድ ማዳበሪያ ሙሉ። ‹ለአንድ ጉልበት በዛ› ብላት፣ ‹ሁለት ጉልበት ነው ያላት› አለችኝ።»

ሳጅኗ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። መካኒኩና ሁለት ረዳቶቹ ሾፌሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከዚያ ጎማ ላይ እንዳልተነሣ፣ ይልቁንም እየተቀመጠ ሥራ እንዳስፈታቸው መሰከሩ።

«ሻለቃውም ሄደ፣ ሾፌሩም ሄደ» አለች ሳጅኗ መኪና ውስጥ። «ማን ቀረን?»

«ቆይ እስቲ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሆስፒታል እንሂድ።»

የቅጠሌ ሚስት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የባሏን ጥፍር ትቆርጥ ነበር። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጣቶቹ ጫፍ ጫፋቸው አረንጓዴ ነው።

«ግቡ፣ ወንድሜ። ወንበሩ ይወዛወዛል፤ ተጠንቅቀህ ተቀመጥ» አለች፤ መቁረጧን ግን አላቆመችም። «ይህ አረንጓዴ ሃያ ሁለት ዓመት አልለቀቀም። ስንጋባም እንዲሁ ነበር።»

«እትዬ፣ ጠላት ነበረው?»

«እሱ? ከእባብ ጋር እንኳ ተራ ይዞ ነው የሚያልፈው።» አንዱን እጅ አልጋው ላይ በቀስታ አስቀምጣ ሌላውን አነሣች። «ሰዉ ‹አልቅሺ፣ ይውጣልሽ› ይለኛል። ተኝቶ እየሰማኝ እንዴት አለቅሳለሁ?»

መቁረጫዋን አስቀምጣ በላስቲክ የታሰረ ጥቅል ከአልጋው ሥር ሳበች።

«የትናንት ኮቱ ነው። ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህን ነው ብዬ አመጣሁት። አትክፈተው፣ ይበናል። ከዚያ አካባቢ ሲመጣ ደጅ አውልቆ ነው የሚገባው፤ እኔም ደጅ አራግፋለሁ። ትናንት ሦስት ጊዜ አራግፌ እንኳ ይኸው።»

በላስቲኩ ውስጥ የጥቁሩ ኮት እጅጌ በዱቄት የተለወሰ ይመስላል። ኢንስፔክተሩ አየት አድርጎት ሊመልስላት እጁን ዘረጋ። እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ይህን የለበሰው ዘጠኝ ቁጥርን ሲቆርጥ ነው?»

«እንዴታ፣ ትናንት ምንጩ ጋር ነው የዋለው።»

ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ኢንስፔክተሩ ዶክተሯን አስጠርቶ ከሦስት ከረጢቶች አንድ አንድ ቅጠል ለመነ፤ ከስምንት፣ ከዘጠኝ፣ ከአሥር፤ ሁሉም «ያልታጠበ» የሚሉት። ሳጅኗ ጥቁር ሻርፗን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይህን ልጄ ነው የገዛችልኝ» አለች። «በኋላ የሚያጥብልኝ ሰው ይገኛል?»

ዶክተሯ በመቆንጠጫ የስምንት ቁጥርን ቅጠል ጨርቁ ላይ ጎተተችው፤ ነጭ መስመር ቀረ። የአሥር ቁጥሩም ነጭ መስመር ተወ። ዘጠኝ ቁጥርን ጎተተችው። እንደገናም ገልብጣ ጎተተችው።

ጨርቁ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ የተራ አፈር ምልክት እንኳ አልነበረበትም።

«ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ነፋስ ነው የተቆረጡት» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ይህ ታጥቧል። ያልታጠበ ብሎ የጻፈበት ከረጢት ውስጥ የታጠበ ቅጠል! ቅጠሌ እንዲህ አይሳሳትም።»

«እሱ አልተሳሳተም። ይህ የምንጩ ቅጠል አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቅጠሌ ከረጢቱን ከፍቶ እንዳየው አወቀ። የለወጠው ሰውም እዚሁ ነበር።»

«ሌላ ቦታ ቆርጦ አምጥቶ ለወጠው እንበል» አለች ሳጅኗ። «ታዲያ ለምን ያጥበዋል? ሳይታጠብ ቢከተው ማን ያውቅበት ነበር?»

«ሳያጥብ መክተት የማይችል ሰው ነዋ።»

ከግድግዳው ማዶ የሳፋ ድምፅ ተሰማ።

«ዶክተር፣ ቅጠል በሦስት ሳፋ የሚታጠብ ከሆነ ቧንቧው ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ሲያደርግ ነበር?»

ዶክተሯ መነጽሯን ለመፈለግ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። መነጽሩ ዓይኗ ላይ ነበር።

አጣቢዋ ፎጣ እያጠፈች ነበር፤ አራት ላይ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጣጠመች። ኢንስፔክተሩ በሩን ዘግቶ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«እናትሽ የት ነው የሚኖሩት?» አለ።

እጇ ቆመ። «ምንጩ ጋር» አለች። «አራተኛው ቤት። አባቴ ነው የሠራው። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ቤት ብትነሣ አንድ ወር አትቆይም።»

«ሾፌሩ ያመጣልሽ ሳማ ለጉልበታቸው አልነበረም።»

«አልነበረም።» ፎጣውን አስቀመጠችው። «የሚታጠበው ግማሽ መጀመሪያም በኔ እጅ ነው የሚያልፈው፤ እሱን ትናንት ለወጥኩት። ያልታጠበው ግን እዚያ ክፍል ተሰቅሏል። ስብሰባ እስኪገቡ ጠበቅሁ። ቧንቧውን ከፈትኩት። እየፈሰሰ ስተወው አንጀቴ እርር አለ፤ ውሃ አባክኜ አላውቅም።»

«ቅጠሉን ለምን አጠብሽው?»

«አላውቅም።» እውነትም እንደማታውቅ ፊቷ ይናገር ነበር። «ጭቃ ነበረበት። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሠላሳ ስቆጥር እንኳ አልታወቀኝም። ሰቅዬ ልወጣ ስል ገባ። አንዱን ቅጠል አውጥቶ በጣቱ አሸት አደረገው፤ ከዚያ አየኝ። ‹ምነው እህቴ› ብቻ ነው ያለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከረጢቱን ሊያወርደው ያዘ፤ እኔም ያዝኩ። ጫማዬ እርጥብ ነበር፤ ወለሉን አርጥቤዋለሁ። ወደ ኋላ ሲል አዳለጠው።» እጆቿን አየቻቸው። «ፎጣ አነጠፍኩለት። ደወልኩ። ከዚያ እዚህ ገብቼ ቧንቧውን ዘጋሁ።»

«እውነተኛው ቅጠልስ? ጣልሽው?»

ቀና ብላ አየችው፤ የተሰደበች ትመስል ነበር። «ናሙና ይጣላል እንዴ?»

ቁም ሳጥኗን ከፈተች። ከሥራ ልብሷ ጎን ሁለት ቡናማ ከረጢቶች፣ አየር እንዲያገኙ አፋቸው ከፈት ብሎ፣ በመቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ቅጠሎቹ እንዳይሻግቱ ጠዋትና ከሰዓት አገላብጣቸዋለች። አንደኛው ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር።

«የማይለካ ከሆነ ለምን ታደርቂዋለሽ?» አለ ኢንስፔክተሩ ዝግ ባለ ድምፅ።

ሳጅኗ በዚህ መሃል ስልኳን ይዛ ገባች።

«ነቅቷል» አለች። «ሚስቱ ‹ማን መታህ› አለችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹ወለሉ›።»

አጣቢዋ ሳፋው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሳጅኗ ከታጠፉት ፎጣዎች አንዱን አንሥታ እጇ ላይ አኖረችላት። ኢንስፔክተሩ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ እስክትጨርስ ጠበቃት። ቆይ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

«የሕጉን በኋላ ትመልሻለሽ፤ ያ አይቀርም» አላት። «እሱ የሚለውን ይበል፣ ቃልሽን እቀበላለሁ።»

«እናቴን እኔው ልንገራት» አለች። «በሬዲዮ እንዳትሰማው።»

እናቲቱ ደጃቸው ላይ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ከምንጩ የተቀዳ ውሃ በቢጫ ጀሪካን ቆሟል፤ ጉንጨ ሙሉ የልጅ ልጃቸው ልጅ በጣሳ ከእሱ እየቀዳ ዶሮ ያጠጣል፣ ራሱም ይጠጣል። አሮጊቷ ልጃቸው ከሁለት ፖሊሶች መሃል ስትመጣ አይተው አልተነሡም።

አጣቢዋ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምንም አልቀነሰችም። ሰውየው መትረፉን ግን አስቀድማ ነገረቻቸው።

የአሮጊቷ ዓይን ሕፃኑ ላይ ነበር።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቤቴን ልታተርፊልኝ ብለሽ ውሃውን አጠጣሽኝ?»

«እማዬ፣ ብትነሺ የምትሞቺብኝ መስሎኝ...»

«እኔማ እሞታለሁ። እዚህም እሞታለሁ፣ እዚያም እሞታለሁ። እሱስ?»

ተነሡ። ከሕፃኑ እጅ ጣሳውን ወስደው ውሃውን ደፉት። ከዚያ ጀሪካኑን በእግራቸው ገፉት፤ ተገልብጦ ሲፈስ ዶሮዎቹ ሸሹ፣ ሕፃኑ ሳቀ። በርከክ አሉና ደፉ ሥር፣ ግድግዳውን ታክኮ የበቀለውን ሳማ በባዶ እጃቸው ከግማሹ ቀነጠሱት። ፊታቸው አልተቋጠረም።

«በጠዋት ነፋስ ነበር» አሉ። «ይኸው። አላጠብኩትም።»

ሳጅኗ ከቦርሳዋ የወረቀት ከረጢት አወጣች። ኢንስፔክተሩ እርሳሱን ከኪሱ መዞ ለአጣቢዋ ሰጣት።

ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ አሥራ አምስት ዓመት በለመደችው ቀጥ ባለ ጽሕፈት ጻፈች። ዘጠኝ ቁጥር። የእናቴ ደጅ። ያልታጠበ።